ከመጣያው ዞረ፣ ግን ወዴት?

የሆነ መንግስት ወይ የሆነ ከተማ አስተዳደር ተነስቶ «ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄድ የነበረውን የምግብ ትራፊ በዚህን ያህል ፐርሰንት ቀንሰናል» ብሎ መግለጫ ሲያወጣ እኔ ሪፖርቱን እያገላበጥኩ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ወዴት ሄደ? ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ፣ ምግብ እንዲሁ ብን ብሎ አይጠፋም እኮ። መጣያ ካልገባ የሆነ ቦታ ገብቷል፣ ወይ ሰው በልቶታል፣ ወይ ከብት በልቶታል፣ ወይ ኮምፖስት (ብስባሽ ማዳበሪያ) ሆኗል፣ ወይ ጋዝ ወጥቶታል፣ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ደግሞ ማንም በማያይበት ቱቦ ወርዷል። ፐርሰንቷ ግን ይሄን ሁሉ እኩል አድርጋ ነው የምትቆጥረው፣ «ዞሯል» ትልና ዝም።

ነገሩ እንዲህ የያዘኝ ትልቅ ኪችን ውስጥ ስሰራ ነው። ቡፌ ነበር። የቡፌ ህግ ደግሞ የሚገርም ነው፣ ቁርስ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚገባ እንግዳም ትሪው ሙሉ ሆኖ ማየት አለበት፣ ስለዚህ ሊዘጋ ሲል እንሞላለን፣ ከዛ ሰዓቱ ሲደርስ ያንኑ የሞላነውን በጭልፋ እየጠረግን ወደ ጥቁር ላስቲክ እንገለብጣለን። እንቁላሉ፣ ሩዙ፣ የተቆራረጠው ፍራፍሬ፣ ሶሱ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ላስቲኩ ግማሽ ሳይደርስ ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ ምክንያቱም ምግብ ማለት አብዛኛው ውሃ ነው። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን ስናወጣው ከስሩ የምትንጠባጠብ ቢጫ ነገር አለች፣ ከኪችኑ እስከ ጓሮ በር ድረስ መስመር ሰርታ ትሄዳለች፣ እሷን እየተከተለ የሚወለውል ልጅ ነበረን። እና ማንም አይመዝንም። ቆሻሻ የሚያነሳው ድርጅት የሚያስከፍለው ገንዳውን ባነሳ ቁጥር ነው፣ ግማሽ ሆነ ሙሉ ሆነ ዋጋው ያው ነው፣ ስለዚህ በቀን ስንት ኪሎ ምግብ እንደምንጥል የሚያውቅ ሰው በዛ ህንፃ ውስጥ አልነበረም። ሼፉ የገባውን ዘይትና ስኳር በቃሉ ይነግርሃል፣ የወጣውን ግን ማን ጠይቆት።

የተባበሩት መንግስታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም) በ2022 ብቻ ዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደተጣለ ይገምታል፣ አጥንቱና ልጣጩም ተቆጥሮ። እኔ በኪችኑ ተናድጄ ስጀምር ዋናዎቹ ጥፋተኞች ሆቴልና ሱፐርማርኬት ይመስሉኝ ነበር፣ ሪፖርቱ ግን 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት ነው ይላል፣ ምግብ ቤቶች 28፣ ሱቆች 12። ለመንግስት የሚከብደው እሱ ነው። አንድ ሺህ ሆቴል መቆጣጠር ይቻላል፣ አንድ ሚሊዮን ኩሽና ግን እንዴት አድርገህ ትቆጣጠራለህ?

መጣያ ቢገባስ ምን ችግር አለው፣ መሬት ነው የሚበላው ለሚል ሰው መልሱ አየር ነው። ዘመናዊ መጣያ ላይ ቆሻሻው ይደለደላል፣ በከባድ ማሽን ይደመደማል፣ አፈር ይለብሳል፣ ከላዩ ሌላ ቆሻሻ ይመጣል። ውስጥ አየር የለም። አየር በሌለበት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ምግቡን ሲያብላሉት ሚቴን ያወጣሉ፣ ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ስሌት ሲታይ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። «ጋዙን በቱቦ እንሰበስበዋለን» የሚል መልስ አለ፣ ውሸትም አይደለም፣ ግን ምግብ ይቸኩላል። እንጨትና ካርቶን ለብዙ ዓመት ቀስ እያሉ ነው የሚበሰብሱት፣ ምግብ ግን ቱቦው ሳይዘረጋ ጋዙን ለቆ ይጨርሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2023 ሲያሰላው ከከተማ ቆሻሻ መጣያዎች ከሚያመልጠው ሚቴን 58 በመቶው ከምግብ የመጣ ነው፣ የተቀበረ ምግብ ከሚያወጣው ሚቴን ደግሞ 61 በመቶው በቱቦ ሳይያዝ ያመልጣል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ «የእኛ መጣያ ጋዝ ይሰበስባል» የሚል ነገር ብዙም አያፅናናኝም።

ስለዚህ ማዞሩ ትክክል ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከዞረ በኋላ ያለው ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁሌ የሚጠቀሰው ደቡብ ኮሪያ ነው፣ ይገባዋልም። በ1995 ቆሻሻን በላስቲኩ መጠን ማስከፈል ጀመሩ፣ በ2005 የምግብ ትራፊን በቀጥታ መቅበር ተከለከለ፣ በ2013 ደግሞ በክብደት ማስከፈል መጣ። አፓርታማው ግቢ ውስጥ ማሽን ቆሟል፣ ካርድህን ታስጠጋለህ፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ትገለብጣለህ፣ ይመዝንና ግራሙን ስክሪን ላይ ያሳይሃል፣ ሂሳቡ በኋላ ይመጣል። በቃ ይሄ ነው። ስብከት የለም፣ ፖስተር የለም፣ ልጅ አቅፋ የምትስቅ እናት የለችም። ሰዉ ምን አደረገ? መጀመሪያ ውሃውን ማጥለል ጀመረ፣ ምክንያቱም ውሃም ይመዘናል፣ ለውሃ ደግሞ ማን ይከፍላል። የእኛ ኪችን ያንን ቢጫ ውሃ በኪሎ ቢከፍልበት ኖሮ በሳምንቱ ወንፊት ይገዛ ነበር፣ በወሩ ደግሞ ትሪው ሊዘጋ ሲል መሞላቱ ይቀር ነበር፣ እምላለሁ። ኮሪያ ውስጥ በ1995 ከምግብ ትራፊው ወደ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው፣ ዛሬ ከ95 በመቶ በላይ ይባላል።

አሁን ግን የኔን ጥያቄ እንጠይቅ። ከ2005 በኋላ ትራፊው ወደ ማቀነባበሪያ ዞረ። ማቀነባበሪያው ጨመቀው። ጠጣሩ መኖና ኮምፖስት ሆነ፣ ጥሩ። ፈሳሹስ? የኮሪያ ምግብ ትራፊ 80 በመቶ አካባቢ ውሃ ነው፣ ያውም ጨዋማ፣ እና ከዛ ፈሳሽ ብዙው በመርከብ እየተጫነ ባህር ላይ ይደፋ ነበር። እስከ 2013 ድረስ! ባህር ላይ መድፋትን የሚያግደው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጫና ሲያመጣ ነው የቆመው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከመጣያ የዞረ ተብሎ በሚቆጠረው ቁጥር ውስጥ ባህር የገባ አለ ማለት ነው፣ ከድጡ ወደ ማጡ። ኮሪያን ለማማት አይደለም፣ እንደውም ሌላው ገና ከመጣያ ጋር ሲታገል እነሱ ከዛ ቀጥሎ ያለው ችግር ላይ ስለደረሱ ነው፣ ከዛ በኋላ ፈሳሹን አብላልቶ ወደ ባዮጋዝ፣ ማለትም ወደሚነድ ጋዝ፣ ማዞር ተስፋፋ። ግን በ2010 የወጣ ሪፖርት አንብቤ ቢሆን ኖሮ በጣም ያማረ ፐርሰንት ነበር የማየው።

ከብት ይብላው የሚለው ነገር ደግሞ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፣ ሲሰማም ደስ ይላል፣ ከጥንት ጀምሮ ሰው ሲያደርገው የኖረው ነው። ሻንጋይ በ2019 ጥብቅ የቆሻሻ መለያ ደንብ ስታወጣ ሰዉ የቱ ከየቱ እንደሚለይ ግራ ሲገባው በአሳማ ቀለደበት፣ አሳማ የሚበላው እርጥብ ቆሻሻ ነው፣ አሳማ የማይበላው ደረቅ ነው፣ አሳማ ከበላው የሚሞተው አደገኛ ነው፣ ሸጠኸው አሳማ የምትገዛበት ደግሞ ሪሳይክል የሚሆነው ነው። ከስንቱ የመንግስት ብሮሹር ይሄ ቀልድ ይሻላል። ግን በ2001 እንግሊዝ ውስጥ የተነሳው የእግርና አፍ በሽታ በደንብ ሳይፈላ ለአሳማ ከተሰጠ ትራፊ እንደመጣ ነው የሚታመነው፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳ ታረደ፣ ከዛ በኋላ እንግሊዝም አውሮፓ ህብረትም ትራፊ መመገብን ከለከሉ። ኮሪያም በ2019 የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ሲገባባት ትራፊ ወደ አሳማ እርባታ እንዳይሄድ አገደች። ጃፓን ሌላ መንገድ ነው የሄደችው፣ በ2000 የምግብ ሪሳይክል ህግ አወጣች፣ ከፋብሪካና ከሱቅ የሚወጣውን በሙቀት አክመው መኖ ያደርጉታል። እዚህ ጋ ልዩነቱ የህጉ ጥንካሬ አይደለም፣ መሀል ላይ የሚያፈላ፣ የሚቆጣጠርና ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ነው።

ፈረንሳይ በ2016 ያወጣችው ህግ በየሶሻል ሚዲያው ዞሯል፣ «ፈረንሳይ ሱፐርማርኬት ምግብ እንዳይጥል ከለከለች» ተብሎ። በትክክል የሚለው ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱፐርማርኬት ከእርዳታ ድርጅት ጋር የልገሳ ውል ይኑረው ነው፣ ሊበላ የሚችል ምግብ ላይ በረኪና መድፋት ደግሞ ክልክል ነው። በረኪናው የምር ነበር፣ ሰው ከገንዳ አውጥቶ እንዳይበላ ሆን ብለው ይደፉበት ነበር፣ እዛች ነጥብ ላይ ብቻ እንኳን ህጉ ይመሰገናል። ውሉ ግን ምን ያህል እንደምትሰጥ አይልም። አርብ ማታ ነገ የሚበላሽ እርጎ በካርቶን ካርቶን ከተላከላቸው የሚጥሉት ተቀባዮቹ ናቸው፣ ለመጣያው የሚከፍሉትም እነሱ፣ ሱፐርማርኬቱ ግን ለገሰ ተብሎ ተመዝግቦለታል። እዚህም ያው ነው፣ አድራሻው ነው የተቀየረው። ልገሳ ማቀዝቀዣና መኪና ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣውን የሚገዛ በጀት የሌለበት ህግ ሸክም ማሸጋገር ነው።

ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ ግቡ በጣም ትልቅ ነበር። በ2016 በወጣ ህግ መጣያ የሚገባውን ኦርጋኒክ ቆሻሻ ከ2014ቱ መጠን በ2020 በ50 በመቶ፣ በ2025 በ75 በመቶ መቀነስ፣ ከሚጣለው ውስጥ ሊበላ የሚችለውን 20 በመቶ ደግሞ ለሰው ማድረስ። የ2020ው አልተሳካም። ደንቡ ራሱ በስራ ላይ መዋል የጀመረው በጃንዋሪ 2022 ነው፣ እና 2023 ላይ ሊትል ሁቨር የሚባለው የስቴቱ ገለልተኛ ኮሚሽን ትንሽ ቆም ብለን እናስብ፣ ማስፈጸሙ ለጊዜው ይቁም ብሎ መከረ። ማብላያ ቦታው በቂ አይደለም፣ አዲስ ለመክፈት ደግሞ ፈቃዱ ዓመታት ይወስዳል፣ ሰፈሩም ይሸተናል ብሎ ይከሳል። አንድ ነገር ግን ወድጄላቸዋለሁ። ከተሞቹ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በዓመት በ0.08 ቶን ኦርጋኒክ ቆሻሻ ሂሳብ ከቆሻሻው የወጣ ኮምፖስት ወይ ባዮጋዝ መልሰው መግዛት አለባቸው። ማለትም «ወዴት» የምትለዋን ጥያቄ ቢያንስ ህጉ ውስጥ ፅፈዋታል። ኮምፖስት የሚገዛው ካጣ እሱም ያው ክምር ነው።

በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ አለ፣ ፖለቲከኞች ብዙም ሲጠቅሱት አላየሁም፣ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። በአሜሪካ የምግብ ቆሻሻን መጣያ ማስገባት መጀመሪያ የከለከሉ አምስት ስቴቶችን ወስደው መረጃውን አዩት። በአራቱ ህጉ መጣያ የሚገባውን መጠን ቀንሷል ማለት አልቻሉም። ማሳቹሴትስ ብቻ ነው የቀነሰችው፣ እሷም በአማካይ 7 በመቶ አካባቢ። ምን የተለየ አደረገች ሲባል ሦስቱም አሰልቺ ነገር ነው፣ ህጉ አጭርና ለሁሉም አንድ አይነት ነው፣ ኮምፖስት የሚያደርጉ ቦታዎች በየአቅጣጫው ስላሉ ማድረሻው ቅርብና ርካሽ ነው፣ ኢንስፔክተሮች ደግሞ በእውነት ይሄዳሉ። ሄደው ገንዳውን ከፍተው ያያሉ። አሁን አስቡት፣ የትኛው ሚኒስትር ነው ሪባን የሚቆርጠው ለኢንስፔክተር ነዳጅ?

ኒው ዮርክ ላይ ይሄው ነገር በአንድ ወር ውስጥ ታየ። ቤት ለቤት የምግብ ትራፊ መሰብሰብ ለዓመታት ሲጀመር ሲቋረጥ ሲጀመር ቆይቶ በኦክቶበር 2024 መላው ከተማ ላይ ግዴታ ሆነ። ቅጣቱ በኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀመረ፣ የሚሰበሰበው ወዲያው ዘለለ፣ ገና ወሩ ሳያልቅ የከተማው አስተዳደር ቅጣቱን ለአብዛኛው ህንፃ አቆመው። የባለንብረቶች ጩኸት በዝቶ ነበር፣ የምርጫ ዓመትም ነበር። ህጉ ግን አልተሰረዘም፣ ነበረ፣ እስከ 2025 መጨረሻ አብዛኛው ህንፃ አይቀጣም ነበር እንጂ።

ሁሉም በቅጣት ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ ሚላን ስለ አፍንጫ አሰበች። ከ2012 መጨረሻ እስከ 2014 ባለው ጊዜ 1.3 ሚሊዮን የሚሆን ህዝቧን በሙሉ ቤት ለቤት የምግብ ትራፊ መሰብሰብ ውስጥ ስታስገባ ለየቤቱ የሰጠችው ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ትንሽ ቅርጫት ነው፣ ውስጡ ራሱ የሚበሰብስ ከረጢት ይገባል። ቀዳዳው ቀልድ ይመስላል ግን ዋናው እሱ ነው፣ አየር ይገባል፣ ከረጢቱ ውሃ ያስተነፍሳል፣ ትራፊው ክዳን ተከድኖበት ከመኮምጠጥ ይልቅ ይጠወልጋል፣ ክብደቱም ሽታውም ይቀንሳል። ጣሊያን ከ2011 ጀምሮ ተራ የፕላስቲክ ከረጢት ስለከለከለች ደግሞ ሰዉ ከሱቅ የሚያመጣበት ከረጢት ራሱ ለዚሁ ይሆናል። አንድ ህግ ሌላውን ሲያግዝ የማየው ብርቅ ሆኖብኝ ነው። ጠባብ ኩሽና ውስጥ የሦስት ቀን ትራፊ በተከደነ ባልዲ ያስቀመጠ ሰው ይሄን ቅርጫት ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

የፕላስቲኩን ነገር ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም ያናድደኛል። ከሱቅ የሚመጣ ያለቀበት ምግብ ከነማሸጊያው ማሽን ውስጥ ገብቶ እየተፈጨ ይለያል፣ መለየቱ ግን መቼም መቶ በመቶ አይሆንም፣ ፍራፍሬ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ስቲከር እንኳን ሳትበሰብስ ኮምፖስቱ ውስጥ ትገኛለች። ከዛ ገበሬው ማሳ ላይ ይበተናል። ከመጣያ ዞሯል፣ አዎ።

ብዙ ካሰብኩባቸው ነገሮች አንዱ ግን በ2017 የወጣ አንድ ሙከራ ነው። ሰዎችን ምሳ ጋበዟቸው፣ ለአንዳንዱ የምትተዉት ምግብ መጣያ ነው የሚሄደው አሉት፣ ለአንዳንዱ ኮምፖስት ይሆናል አሉት። ኮምፖስት ይሆናል የተባሉት የበለጠ አተረፉ። ስለ ብክነት ማስተማሪያ ተሰጥቷቸው እንኳን፣ ኮምፖስት የምትለዋ ቃል የትምህርቱን ጥቅም በላችው። የሰው ልጅ ነውና አይገርመኝም፣ ህሊና ቀዳዳ ካገኘ ያመልጣል። መንግስት ላይ ሲመጣ ደግሞ ይሄው ነገር በትልቁ ይሆናል። መኪና ገዝቶ፣ ገንዳ አድሎ፣ የባዮጋዝ ፋብሪካ ገንብቶ በመቶ ሚሊዮኖች ያወጣ አስተዳደር ፋብሪካው ትራፊ እንዲያጥረው አይፈልግም። ያልተገዛ፣ ያልተበሰለ፣ ያልተረፈ ምግብ ደግሞ አይመዘንም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ቶኑ ሪፖርት ላይ አይገባም።

በትንሽ ገንዘብ መከላከል የሚቻልበትን ግን አይቻለሁ፣ ለምሳሌ ማሸጊያ ላይ ያለው ቀን። ብዙው ቀን ጥራቱ መቼ እንደሚቀንስ እንጂ መቼ እንደሚመርዝህ አይደለም የሚናገረው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሱቁ መደርደሪያውን እንዲቀይር የተፃፈ ነው፣ ሰው ግን ቀኑን አይቶ ደህናውን ይጥላል። ካሊፎርኒያ በ2024 በፈረመችው ህግ «እስከዚህ ቀን ይሸጥ» የሚለውን ፅሁፍ ሸማች በሚያየው ቦታ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ከልክላለች፣ ሁለት አይነት አነጋገር ብቻ ይቀራል፣ አንዱ ለጥራት አንዱ ለደህንነት። ገንዳ የለ፣ መኪና የለ፣ ፋብሪካ የለ። የማተሚያ ቀለም ነው ወጪው።

አውሮፓ ህብረትም በ2025 ወደዚህ ጎን ፈቀቅ ብሏል። ከዛ በፊት ህጉ ስለ መለየት ነበር፣ አባል አገሮች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ኦርጋኒክ ቆሻሻን ለብቻ ይሰብስቡ ወይ ምንጩ ላይ መልሰው ይጠቀሙበት የሚል። አሁን ግን አስገዳጅ የቅነሳ ግብ መጥቷል፣ በ2030 ፋብሪካዎች 10 በመቶ፣ ሱቅና ምግብ ቤትና መኖሪያ ቤት በነፍስ ወከፍ 30 በመቶ፣ መነሻው የ2021 እስከ 2023 አማካይ። ልብ በሉ፣ ይሄ የሚለካው ኮምፖስት ሆነ አልሆነ ሳይል የተጣለውን ነው፣ እኔ ስጠይቀው ለነበረው ነገር ከሁሉም የቀረበው እሱ ነው። ማሳ ግን ግቡ ውስጥ የለም። ሱፐርማርኬቱ ጠማማ ነው ብሎ የመለሰው ካሮት፣ ትእዛዙ በመጨረሻ ሰዓት የተሰረዘበት ገበሬ ሳይለቅመው የሚያርሰው ሰላጣ፣ እነሱ ላይ አሁንም ምንም ቁጥር አልተጣለም፣ መጣያም ስለማይሄዱ ከየትም ዞሩ አይባሉም።